ለጨዋማ ውሀ አኳሪየም ፊልተር አመራረጥ፦ በትንሽ ብር፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር

ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው ምኖረው፣ ሳሎኔ ጥግ ላይ 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም (የአሳ ማኖሪያ መስታወት) አለኝ። ሲሰላ 112 ሊትር ይመጣል ግን ድንጋዩና ከላይ የተተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ ትክክለኛው ውሀ 95 ሊትር አካባቢ ነው። ውስጡ ሁለት ክላውንፊሽና አንዲት ጎቢ የሚባሉ ትንንሽ የባህር አሳዎች አሉ። ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ካየ በኋላ "እኔም ልጀምር እንዴ" ይላል፣ ከዛ ጥያቄው ያው ነው፣ "ፊልተር የቱን ልግዛ፣ ብዙ ብር የለኝም"። ስለዚህ አንዴ ከስር ከመሰረቱ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን እኔ የከሰርኩበትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምለው ነገር ሁሉ የመጣው ከዛች ሌሊት ነው። የመጀመሪያው ፊልተሬ ካኒስተር ነበር፣ ያ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደበቀው ክብ ባልዲ የሚመስለው። ያኔ ካጠራቀምኩት ብር ግማሹ እሱ ላይ ነው የሄደው። አንድ ቀን ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ይመጣል ብዬ ተኛሁ። ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ መጣ፣ የፓምፑን ድምፅ ሰምቼ እንደውም ደስ ብሎኝ ገልበጥ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ሳሎን ስገባ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ተቀበለኝ፣ ውሀው ወተት ጠብ እንዳለበት ደፍርሷል፣ አንዷ ክላውንፊሽ ድንጋዩ ስር በጎኗ ተኝታለች፣ ሌላኛዋ ውሀው አፍ ላይ ወጥታ አፏን እየከፈተች ትዘጋለች። እሷም ከሰዓት በኋላ አልቆየችልኝም።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። ካኒስተር ድፍን ነው፣ አየር አያገኝም። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሚያገኙት በሚገባው ውሀ ብቻ ነው፣ ፓምፑ ሲቆም እዛው ያለችውን ኦክስጅን ይጨርሷታል፣ ከዛ ይሞታሉ። በነሱ ቦታ ደግሞ ኦክስጅን የማይፈልጉት ይተካሉ፣ ያንን የእንቁላል ሽታ ያለውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ያንን ሁሉ ሰብስቦ አሳዎቹ ላይ ይደፋዋል። እቃው አልተበላሸም፣ እኔም ቆሻሻ አልነበርኩም፣ በቃ ለዚህ ከተማ የማይሆን ምርጫ ነው የመረጥኩት። ስለዚህ የትኛውንም ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ "በሰዓት ይሄን ያህል ሊትር ያጣራል" ሲላችሁ እሺ በሉና መልሳችሁ ጠይቁት፦ መብራት ለ8 ሰዓት ቢጠፋ ይሄ እቃ ምን ይሆናል? መልሱን ካላወቀ ራሳችሁ አስቡት፣ ውሀ ተዘግቶበት የሚቀመጥ ክፍል አለው ወይስ የለውም።

የአዲስ አበባ አየር ጉዳይ

ይሄ ውጭ በተሰሩ ቪዲዮዎች ላይ አይነገርም ምክንያቱም ብዙዎቹ ሰሪዎች የሚኖሩት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። እኛ ያለነው ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የአየር ግፊቱ ባህር ጠረፍ ካለው 75 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ውሀ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ ከግፊቱ ጋር ይወርዳል። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባህር ውሀ ጠረፍ ላይ ቢሆን በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፣ እዚህ ያው ውሀ ሞልቶ ጠግቦ 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ጨዋማ ውሀ ደግሞ ድሮም ከንጹህ ውሀ ያነሰ ነው የሚይዘው። ማለትም አሳዎቻችን የሚጀምሩት ከጎደለ ቦታ ነው፣ ፓምፕ ሲቆም እዛ ያሉት ያላቸውን ያህል ጊዜ የላቸውም።

ስለዚህ ለኛ ጥሩ ፊልተር ማለት ውሀውን ከአየር ጋር የሚያገናኝ ፊልተር ነው፣ ከላይ የሚያፈስ፣ የሚያንጫጫ፣ አረፋ የሚሰራ። ጸጥ ያለውና የተደበቀው ያምራል ግን አይጠቅመንም።

1. መጀመሪያ ሸክሙን ቀንሱ

ርካሹ ፊልተር የአሳውን ቁጥር ማሳነስ ነው። እኔ በ95 ሊትር ሦስት ትንንሽ አሳ ብቻ ነው ያለኝ፣ በቀን አንዴ በ2 ደቂቃ የሚያልቅ ምግብ ብቻ እሰጣለሁ። ሰው ሁሉ "ይርባቸዋል እኮ" ይላል፣ አይርባቸውም። የተረፈው ምግብ ሁሉ አሞኒያ ነው የሚሆነው፣ አሞኒያን ለማስወገድ ደግሞ ብር ነው የሚወጣው።

በዛው ደግሞ ከ60 ሊትር በታች በሆነ ታንክ አትጀምሩ። ትንሽ ሲሆን ርካሽ ይመስላል ግን ውሀው ትንሽ ስለሆነ አንድ ስህተት ቶሎ ይመርዘዋል። ከ80 እስከ 120 ሊትር ያለው ለጀማሪ ጥሩ ነው። ክብደቱን ግን አስቡበት፣ የኔ ከነድንጋዩና ከነመስታወቱ 150 ኪሎ ይጠጋል፣ ተራ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ከብረት በያጅ ጋ ሄዳችሁ መቆሚያ አሰሩ፣ የምታስቀምጡትም ግድግዳው ጥግ ላይ ይሁን።

2. ፊልተሩ የሚሰራው ስራ ምንድን ነው

ሦስት ስራ ነው ያለው። አንደኛ የሚታየውን ቆሻሻ መያዝ፣ ሁለተኛ ከአሳው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ከዛ ወደ ናይትሬት እንዲቀይሩት ቦታ መስጠት፣ ሦስተኛ ሟሙቶ ያለውን ቅባትና ፕሮቲን ሳይበሰብስ ማውጣት። አንድ እቃ ሦስቱንም አይሰራም፣ "ሁሉን ቻይ" ተብሎ የሚሸጥ ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ ብታዩት አንዱን ብቻ ነው ደህና አድርጎ የሚሰራው።

አሞኒያ በጨዋማ ውሀ ውስጥ የባሰ መርዝ ነው ምክንያቱም የባህር ውሀ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8.1 እስከ 8.4 ስለሆነ፣ ፒኤች ከፍ ሲል መርዛማው የአሞኒያ ዓይነት ይበዛል። ናይትራይት ግን ጨው ባለበት ውሀ ንጹህ ውሀ ላይ እንዳለው አይከፋም። ናይትሬት ለአሳ ብቻ የሆነ ታንክ እስከ 40 ፒፒኤም (በሊትር 40 ሚሊ ግራም ገደማ) ይቻላል፣ እኔ ከ20 በታች ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ።

3. ድንጋይ፣ ዋናው ፊልተር እሱ ነው

ካላችሁ ብር መጀመሪያ የምታወጡት እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የኮራል (ድንጋይ የሚሰራ የባህር እንስሳ) ድንጋይ ውስጡ ባክቴሪያ ይኖርበታል፣ ከላይ ኦክስጅን የሚወዱት፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ሲል ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ናይትሬትን ወደ ጋዝ ቀይረው የሚያስወጡት። ሽቦ የለውም፣ ሞተር የለውም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እዛው ታንኩ ውስጥ ስለሆነ ውሀው እስከተነቃነቀ ድረስ ባክቴሪያዎቹ ይተነፍሳሉ። ለኔ 95 ሊትር 9 ኪሎ ደረቅ ድንጋይ በቅቶኛል። አንስታችሁ ስታዩት ቀላል የሆነውን ምረጡ፣ ከበድ ያለው ድፍን ስለሆነ በኪሎ ከፍላችሁ ቦታ አታገኙበትም።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ደረቁን አስመጡ። እርጥብ "ላይቭ ሮክ" (ህይወት ያለበት ድንጋይ) ተብሎ የሚሸጠውንና እውነተኛ ኮራል ግን ጅቡቲ ጠረፍ ለቅማችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ድንጋያማ ኮራል ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና እጽዋት ንግድ ስምምነት 2ኛው ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም፣ በዛ ላይ መንገድ ላይ ሞቶ ይገማል።

እዚሁ ግንባታ ላይ ሬድ አሽ ስለሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቀዳዳው በጣም ጥሩ ነው፣ ለአሳ ብቻ ለሆነ ታንክ ትልልቁን መርጣችሁ በብሩሽ ፈትጋችሁ ለአንድ ሳምንት ውሀ እየቀየራችሁ ዘፍዝፋችሁ ፊልተር ክፍል ውስጥ ብታደርጉት ይሰራል። ውስጡ ብረት ስላለ ግን ወደፊት ኮራል ላስገባ የሚል ሰው ባይጠቀመው ይሻላል። የኖራ ድንጋይ የሚመስል ካገኛችሁ ደግሞ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ ካንፎለፎለ ካርቦኔት ነው ማለት ነው፣ ፒኤቹን አያበላሽም፣ ግን ብዙ ጊዜ ድፍን ስለሆነ ለመደርደሪያ እንጂ ለፊልተር ብዙም አይጠቅምም። የሚያብለጨልጭ የብረት መስመር ያለበትን ድንጋይ በጭራሽ አታስገቡ።

4. ቆሻሻ መያዣ

እዚህ ላይ ብር አታባክኑ። ትራስ ውስጥ የሚሞላው ነጩ ፋይበር፣ ሽቶ ወይም ሌላ ነገር ያልተቀባው፣ መርካቶ በኪሎ ይሸጣል፣ አንድ ኪሎ ከዓመት በላይ ያቆያል። ጭብጥ የምታህል ቆርጣችሁ ውሀው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ታደርጋላችሁ፣ በ3 ቀን አውጥታችሁ ትጥላላችሁ። ሚስጥሩ ቶሎ ቶሎ መጣሉ ላይ ነው፣ ሁለት ሳምንት ከተዋችሁት የያዘው ቆሻሻ እዛው ይበሰብሳል።

የሚንጠለጠል ፊልተር፣ ታንኩ ጠርዝ ላይ የሚሰቀለው፣ ለዚህ ስራ ጥሩ ነው፣ ከላይ ስለሚያፈስ አየርም ያስገባል፣ ክፍት ስለሆነም እንደ ካኒስተር አይታፈንም። ስትገዙ ግን ሞተሩን እዩ። ሞተሩ ከታች ውሀው ውስጥ የሚገባ ከሆነ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ሞተሩ ከታንኩ ውጭ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ግን አንዳንዱ ውሀው ወደ ታንኩ ይመለስና መብራት ሲመጣ በባዶ ይዞራል፣ እናንተ ስራ ቦታ ሆናችሁ ሞተሩ ይቃጠላል። ይቺን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

ስፖንጅ ካለው ስፖንጁን በቧንቧ ውሀ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፣ ከታንኩ በቀዳችሁት ውሀ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት።

5. ስኪመር

ይሄ ነው ከድንጋዩ ቀጥሎ ብር የሚገባው። አሰራሩን ለማወቅ ጠላ ሲቀዳ አስቡ፣ አረፋው ላይ ተንሳፍፎ የሚቀረውን ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ። ስኪመር በጣም ትንንሽ የአየር አረፋ ውሀው ውስጥ ይለቃል፣ የአሳው ቅባትና ፕሮቲን ደግሞ አንዱ ጫፉ ውሀ ይወዳል ሌላኛው ይሸሻል፣ ስለዚህ አረፋው ላይ ይጣበቅና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለችው ኩባያ ውስጥ ይጠራቀማል። ጨዋማ ውሀ ላይ አረፋው ትንንሽ ሆኖ ስለሚቆይ ነው የሚሰራው፣ ንጹህ ውሀ ላይ አይሰራም። እኔ በየ3 ቀኑ ኩባያውን ስከፍት የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር አወጣለሁ፣ ሽታው ከባድ ነው፣ መስኮት ከፍቼ ነው የምደፋው፣ ግን ያ ሁሉ ውሀው ውስጥ ሊበሰብስ የነበረ ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው ቀጭን ሻይ ከመሰለ አረፋው ውሀ እየበዛበት ነው፣ ቫልቩን ትንሽ አስተካክሉት።

ለኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ቀን ከሌሊት አየር ውሀው ውስጥ እየደባለቀ ነው፣ ከላይ ያልኩትን የኦክስጅን ጉድለት በደንብ ይሸፍናል። መብራት ሲጠፋ አረፋው ይወርዳል፣ በቃ፣ የሚታፈን ነገር የለውም።

አሁን የብር ነገር። የጨው ፓኬት ውድ ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላማ ከውጭ የሚገባ እቃ ዋጋ ዛሬ የጠየቃችሁት ሳምንት ላይ ሌላ ነው፣ ለዛ ነው እዚህ ዋጋ የማልጽፈው። ግን እስቲ አብረን እናስላ፦ የባህር ውሀ በሊትር 35 ግራም ጨው ነው፣ ፓኬቱ ውስጥ እርጥበት ስላለ 36 ግራም ያዙ። በሳምንት 10 ሊትር ብትቀይሩ 360 ግራም፣ በዓመት 19 ኪሎ ገደማ። ስኪመር ሳይኖር ናይትሬቱን ለማውረድ በሳምንት 20 ሊትር ከቀየራችሁ 37 ኪሎ። ልዩነቱን ጨው በምትገዙበት ዋጋ አባዙት፣ ስኪመሩ ራሱን ሲመልስ ታያላችሁ።

ምርጫው ላይ፣ ሳጥኑ ላይ "እስከ 100 ሊትር" የሚለውን አትመኑ፣ ለ100 ሊትር ከሆነ "እስከ 200" የሚለውን ውሰዱ። ሳምፕ (ከታች የሚቀመጥ ሁለተኛ ታንክ፣ ቁጥር 7 ላይ አለ) ከሌላችሁ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን። ያገለገለ መግዛት ይቻላል፣ አክሪሊኩ ላይ ስንጥቅ ካለ ግን ተዉት፣ መለዋወጫውን የሚዞረውን ኢምፔለር ማግኘት መቻላችሁንም አረጋግጡ። አዲስ ሲገጠም አንድ ሁለት ሳምንት በደንብ አረፋ ላይሰራ ይችላል፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትመልሱት።

ዘመድ ከአሜሪካ ላኩልኝ ለምትሉ፣ እባካችሁ እዩት፣ እዛ ያለው 120 ቮልት 60 ኸርዝ (የመብራቱ ምልልስ በሰከንድ) ነው፣ የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ቮልቱን በትራንስፎርመር ብትቀንሱት እንኳን ኸርዙ ስለማይቀየር ፓምፑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ስኪመር ደግሞ በፍጥነቱ ነው የሚሰራው። ከዱባይ የሚመጣው ይሆናል፣ ሶኬቱ ሦስት እግር ስለሆነ አዳፕተር ብቻ ነው የሚፈልገው።

6. ውሀ ማንቀሳቀሻና የመብራት መጠባበቂያ

ፓወርሄድ የሚባለው ትንሹ ፓምፕ አንድ ይበቃል፣ በሰዓት ከታንካችሁ ውሀ ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ለኔ ከ1,000 እስከ 2,000 ሊትር ማለት ነው። አፉን ወደ ውሀው ገጽ አዙሩት፣ ገጹ እንደሚፈላ ውሀ ሲንቀጠቀጥ ነው ኦክስጅን የሚገባው።

መጠባበቂያው ደግሞ ፊልተር ውስጥ ነው የሚቆጠረው በኔ እምነት፣ ለየብቻ አትዩት። በዩኤስቢ የሚሰራ ትንሽ ኤር ፓምፕ (አየር የሚነፋ) አለ፣ 1.5 ዋት አካባቢ ነው የሚወስደው። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ነው፣ የሚባክነው ተቀንሶ 30 ቢደርስ እንኳን 20 ሰዓት ይሰራል። ይሄ ከሁሉም እቃዎቼ ርካሹ ነው፣ በዛች ሌሊት ቢኖረኝና ፊልተሬ ካኒስተር ባይሆን ኖሮ አሳዎቼ አይሞቱም ነበር። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚወስድበት ጉልበት ትንሽ ሲሆን ምንም አልተሰካም ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ሞክሩት። ሌላው፣ የአየር ቱቦው ላይ ውሀ የማይመልስ ቫልቭ ግጠሙ ወይም ፓምፑን ከውሀው በላይ አስቀምጡት፣ አለዚያ ሲቆም ውሀው በቱቦው ተስቦ መሬት ላይ ይፈሳል።

ህዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ መብራት ሲጠፋ ሂተሩም (የውሀ ማሞቂያው) ይጠፋል፣ እኔ ታንኩን ጎንና ጎኑን በጋቢ ነው የምሸፍነው፣ ከላይ ግን ክፍት መሆን አለበት ለአየሩ። የሂተሩ መጠን በሊትር 1 ዋት አካባቢ ያዙ፣ 25 ዲግሪ ላይ አድርጉት።

ሽቦዎቹ ሁሉ ሶኬት ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ታጥፈው ይውረዱ፣ ውሀ በሽቦው ተከትሎ ቢመጣ እታጠፈው ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ዲቫይደሩ ውስጥ አይገባም። ጨዋማ ውሀ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ንቀሉት።

7. ሳምፕ፣ ለሚችል

ሳምፕ ማለት ከታች ሌላ ታንክ፣ ውሀው ከላይ ወርዶ እዛ ተጣርቶ በፓምፕ ይመለሳል። በጣም ጥሩ ነው፣ ክፍት ነው፣ ስኪመሩም ሂተሩም እዛ ይደበቃል። 40 ሊትር የሆነ ያገለገለ ታንክ ይበቃል፣ መከፋፈያውን መስታወት ቤት አስቆርጣችሁ ሲቀባ አቼቶ አቼቶ በሚሸተው ሲሊኮን ትለጥፉታላችሁ፣ ሻጋታ መከላከያ ያለበትን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ግን ተዉ፣ መርዝ አለው። ቧንቧው ፒቪሲ ወይም ፒፒአር ይሁን፣ ነሐስ ወይም መዳብ ያለበት ማያያዣና ቫልቭ አንድም አይግባ። መዳብ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው፣ ጨው ደግሞ ቶሎ ነው የሚበላው።

አደጋው መብራት ሲጠፋ ነው አሁንም። ከላይ ያለው ውሀ እስከ መውረጃው ከፍታ ድረስ ወደ ታች ይወርዳል፣ በኔ ታንክ 2 ሴንቲ ሜትር ማለት 5.6 ሊትር ነው፣ የቧንቧው ሲጨመር 8 ይሆናል፣ ስለዚህ ሳምፑ ውስጥ ቢያንስ 10 ሊትር ባዶ ቦታ ሁሌ ተዉ። መመለሻው ቧንቧ ላይ ደግሞ ከውሀው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፣ ውሀው ወደ ኋላ ሲሳብ አየር ገብቶ እንዲቋረጥ። መውረጃው መስታወቱ ተበስቶ መሆን አለበት (ቴምፐርድ መስታወት ግን አይበሳም፣ ይፈረካከሳል)፣ በጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ውሀ በመሳብ የሚሰራውን አትግዙ፣ መብራት ከመጣ በኋላ መሳቡን ላይጀምር ይችላል፣ ፓምፑ ግን ከታች መግፋቱን ይቀጥላል፣ ከዛ የታች ጎረቤታችሁ ጣራ ላይ ነው ውሀው የሚወጣው።

ሌላው፣ ፓምፑ ላይ "1,000 ሊትር" የሚለው ከፍታ ሳይኖር ነው፣ 1 ሜትር ሲገፋ ግማሹ ሊቀንስ ይችላል፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን የከፍታ ሰንጠረዥ እዩ።

8. የማትገዙት

ዩቪ (ጀርም የሚገድል) መብራት፣ ባዮ ቦል የሚባሉት ክብ ፕላስቲኮች፣ ጠጠር ስር የሚነጠፍ ፊልተር፣ ለጀማሪ አንዱም አያስፈልግም። አክቲቬትድ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) ውሀው ቢጫ ሲል ትንሽ ብትጠቀሙ ጥሩ ነው፣ የምድጃ ከሰል ግን በሱ ፋንታ አይሆንም፣ አመድ ነው የሚለቀው።

9. ውሀና ጨው፣ ፊልተሩ ይሄን አያስተካክልም

የወጥ ጨው አይሆንም፣ ከአፍዴራም ይምጣ ከየት፣ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባህር ውሀ ውስጥ በሊትር 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም፣ ሌላም ሌላም አለ። ኢንስታንት ኦሽን ወይም ሬድ ሲ የሚባሉት ዓይነት ለአኳሪየም የተሰራ ጨው ነው የሚሆነው።

የቧንቧ ውሀ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ባልዲ ውስጥ በኤር ፓምፕ እያንጫጫችሁ ሁለት ቀን አቆዩት፣ ወይም ክሎሪን ማጥፊያ ጠብ አድርጉ። ሰፈራችን በፈረቃ ስለሆነ ውሀው እኔ ሮቶ ውስጥ ካለው ነው የምወስደው። ቤት ውስጥ አርኦ የሚባለው የመጠጥ ውሀ ማጣሪያ ያላችሁ ከሆነ እሱ የተሻለ ነው፣ ለ1 ሊትር 3 ወይም 4 ሊትር ስለሚደፋ ግን የሚደፋውን ለልብስ አጠራቅሙት። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣራ ውሀ ልሰብስብ የሚል ሀሳብ ለብዙ ሰው ይመጣል፣ ቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ አብሮ ይመጣል፣ ተዉት። በበጋ ውሀው ሲተን የሚተነው ውሀው ብቻ ነው ጨው አይተንም፣ ስለዚህ የጎደለውን በንጹህ ውሀ ሙሉት፣ ጨው በገባበት ከሞላችሁት ጨዋማነቱ እየከረረ ይሄዳል።

10. ማስነሳት

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አሳ አይገባም ገና። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ሱፐርማርኬት ከሚሸጠው በረዶ ሽሪምፕ አንዷን በጨርቅ አስራችሁ ውስጥ ክተቱና ስትበሰብስ አሞኒያው ይነሳል። ስኪመሩን በዚህ ጊዜ አጥፉት። ኤፒአይ የሚባለው የጨዋማ ውሀ መፈተሻ ኪት ይበቃል፣ በ3 ቀን አንዴ ለኩ፣ አሞኒያው ይወጣል ከዛ ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ይከተላል እሱም ይወርዳል። ሽሪምፗን ካወጣችሁ በኋላ ሁለቱም 0 ሆነው ሳምንት ከቆዩ ናይትሬት ብቻ ካለ፣ ትንሽ ውሀ ቀይሩና አንድ አሳ ብቻ አስገቡ፣ ሌላውን ከ3 ሳምንት በኋላ። ሻጩ "ጠንካራ ናቸው አሁኑኑ አስገባ" ቢላችሁ እሺ አትበሉት፣ አሞኒያው የአሳውን ስንጥብ ያቃጥለዋል፣ አሳው ስለማይጮህ ነው የማይታወቀው።

አሳው ከመግባቱ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ ስራ አለ። ማታ ላይ ሂዱና ቆጣሪውን ራሳችሁ አጥፉት። የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ ታንኩ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ውሀው የት ድረስ ወረደ፣ ሳምፑ ሞላ ወይስ ቦታ ቀረው፣ የትኛው ቱቦ ነው ወደ ኋላ የሚስበው፣ ፓወር ባንኩ ላይ ያለው ኤር ፓምፕ እየሰራ ነው ወይስ ቆመ። ከዛ ቆጣሪውን አብሩትና ሁሉም ፓምፕ ሳትነኩት መነሳቱን፣ ስኪመሩ ከኩባያው አለመፍሰሱን እዩ። አንድ ነገር ካልተነሳ አስተካክላችሁ እንደገና አጥፉት። እኔ ሁለተኛውን ታንክ ስሰራ አምስት ጊዜ ነው ያጠፋሁት፣ አራተኛው ላይ የሚንጠለጠለው ፊልተር ሳይነሳ ቀረ፣ ከፍቼ ሳየው ኢምፔለሩ ላይ ትንሽ አሸዋ ተቀርቅራ ነበር።